ይቅርታዬን ባላሳትመው ኖሮ

አዲስ አበባ በአንድ የመዝናኛ መጽሔት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የታዋቂ ሰው ጓዳ መበርበር ነበር። ማን ተፋታ፣ ማን ከማን ጋር ታየ፣ ማን ከማን ወለደ። ይህን የምጽፈው አሁን ስልክና ማይክ ይዘው በዩቲዩብ ያንኑ ሥራ ለሚሠሩ ልጆች ነው። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወሬው ከውበት ሳሎን፣ ከስቱዲዮ በር፣ ከሠርግ ቪዲዮ አንሺ ይለቀማል። ሁለት ሰው ካረጋገጠው ይጻፋል። ባለጉዳዩ ይደወልለታል፤ ስልኩን ከዘጋው «ምላሽ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነም» ይባላል። ሽፋኑ ላይ ትልቅ ፎቶ ይወጣል። በቃ።

እኔን ያቃጠለኝ አንድ ታሪክ ነው። ስሟ የገነነ አንዲት ሴት ነበረች። ዘፋኝ ትሁን ተዋናይ አልናገርም፤ ሰፈሩንም አልጠራም። ሰሜን ሸዋ ነው፣ ከጣርማ በር ወዲያ ማዶ፣ ይበቃል። በልጅነቷ የወለደቻት ልጅ አለቻት የሚል ወሬ ሰማሁ። ልጅቷን ያሳደጓት አያቷ ናቸው። ልጅቷ አያቷን «እማዬ»፣ ወላጅ እናቷን «እታለም» እያለች ነው ያደገችው።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። አለቃዬ የመረጠኝም ለዚህ ነው። ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍሬ፣ ጣሊያን ያስቆፈረውን ዋሻ አልፌ፣ በጭጋግ ውስጥ ወረድኩ። እማማ ቤት ስደርስ የአገር ልጅ ነኝ አልኩ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩም ተናገርኩ። አባቴን በስም ያውቁት ነበር። ከዚያ በኋላ እንግዳ አልነበርኩም። ቆሎ ቀረበልኝ፣ ጠላ ተቀዳልኝ፣ «ብላ እንጂ ልጄ» ተባልኩ። ጋዜጠኛ ነኝ አላልኩም። ጨዋታ ጨዋታን እያመጣው ሁሉንም ነገሩኝ። ቡና ሊያፈሉ፣ እሳት ሊያቀጣጥሉ ጓዳ ሲገቡ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የልጅቷን ፎቶ በካሜራዬ አነሳሁት።

መጽሔቱ በሁለት ቀን አለቀ። ጉርሻ ተሰጠኝ። ልጅቷ የገዛ ታሪኳን የሰማችው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ከክፍል ጓደኞቿ አፍ ነው። 11 ዓመቷ ነበር። ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ ለጥምቀት አገር ቤት ስገባ። «አንተ ነህ አሉ የጻፍከው» አለችኝ። እንጀራ አቅርባልኝ ነበር። አልበላሁም።

የባሰውን ያደረግኩት ግን ከዚህ በኋላ ነው።

መጀመሪያ አለቃዬ ጋ ሄድኩ። ማረሚያ እናውጣ አልኩት። «ውሸት አለበት?» አለኝ። የለበትም። «ታዲያ ምኑን ነው የምናርመው?» መልስ አጣሁ። በእርግጥም እያንዳንዱ መስመር ልክ ነበር። ከዚያ የጋዜጠኝነት ሥልጠና ሰጥቶን የነበረ አንድ ባለሙያ አማከርኩ። ጥፋቱ በወጣበት ቦታ ይቅርታውም ይውጣ አለኝ፤ ደንቡ እንደዚያ ነው አለ። አመንኩት። ሁለት ገጽ የይቅርታ ጽሑፍ ጻፍኩ። አለቃዬ ወዲያው ተቀበለው። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሽፋኑ ላይ እንደገና የሴትየዋ ፎቶ ወጣ። ከጎኑ «የጋዜጠኛው ጸጸት» የሚል ጽሑፍ። እኔ ደግሞ ጸጸቴ የምር መሆኑን ለማሳየት ብዬ ሁሉንም ዘርዝሬዋለሁ፤ የእማማን ቤት፣ ቆሎውን፣ ግድግዳውን፣ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ማልቀሷን ሳይቀር። ሰው ወደደው። ፌስቡክ ላይ ተቀባበለው። አንድ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ሙዚቃ ከሥሩ አድርጎ አነበበው። ስልኬ ቀኑን ሙሉ በምስጋና መልእክት ሲጮህ ዋለ፤ ጎበዝ፣ ቆራጥ፣ ሰው ማለት እንዲህ ነው እያሉ። ለሦስት ቀን ሸክሜ የቀለለኝ መሰለኝ። ለነዚያ ሦስት ቀናት ነው ራሴን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት ያቃተኝ።

በአራተኛው ቀን እናትየዋ ደወለች። አልተሳደበችም። «እባክህ አሁን እንኳ ዝም በል» ብላ ዘጋችው።

ለካ ልጅቷ ትምህርት ቤት ቀይራ ነበር። ሌላ ከተማ ዘመድ ጋ ልከዋት፣ ማንም የማያውቃት ክፍል ገብታ፣ ጓደኛ ማፍራት ጀምራ ነበር። የእኔ ይቅርታ እዚያ ድረስ ተከትሏት ሄደ። የፊተኛውን ያላነበበ የኋለኛውን አነበበ።

ከዚህ በኋላ ነው በአገሬ ወግ የሄድኩት። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝም ይህንኑ ነበር። የነፍስ አባቴንና ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ፣ አንገቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ እማማ ደጃፍ ቆምኩ። ብዙ ሳይቆዩ ወጡ። «ድንጋዩን አውርደው» አሉኝ። ከዚያ፣ «የፊተኛውን ትቼልህ ነበር ልጄ፤ የእንጀራ ነገር ነው ብዬ። የኋለኛውን ለማን ብለህ ጻፍከው?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ለራሴ ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ እሳቸውም ያውቁታል። «ይቅር ለእግዜር» ብለው አስነሱኝ። «የእኔን ነው ታዲያ። የእሷን ከእሷ ጠይቅ።» ቤት ስንገባ ግድግዳው ላይ ፎቶው የለም። ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።

ሥልጠና ላይ እውነት ከሆነና ባለጉዳዩን ከጠየቅህ ጻፍ ይሉሃል። አይበቃም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳባችንን በነፃነት እንድንገልጽ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 26 ደግሞ የሰውን የግል ሕይወት ያስከብራል። እኛ ቢሮ ስንጠቅስ የኖርነው 29ን ብቻ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ለታወቀ ሰው ለየት ያለ ነገር አለው፤ ግን የ11 ዓመት ልጅ ምኗ ታዋቂ ነው? የእናቷ ዝና የእናቷ ነው።

ስለዚህ ባለሙያዎቹ የፈለጉትን ይበሉ፣ እኔ የምመክረው ይህን ነው። ስህተት ከጻፍክ በአደባባይ አርም። እውነተኛ የሰው ምስጢር ካወጣህ ግን በአደባባይ ይቅርታ አትጠይቅ። ቪዲዮውን ድምፅ ሳታሰማ አጥፋው። ሽማግሌ ላክ፣ ሄደህ እግራቸው ላይ ውደቅ፣ ካሜራ ይዘህ አትሂድ፣ ስትመለስም ለማንም አታውራ።

ይህን ከማውጣቴ በፊት በአክስቴ በኩል ወደ ልጅቷ ላክሁ። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች። ስሟና ሰፈሯ ከሌለበት ይውጣ አለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ያ ፎቶ አሁንም እሱ ጋ አለ ወይ ብላ። ነበረ፤ መሳቢያዬ ውስጥ፣ በአሮጌ ሚሞሪ ካርድ ላይ። ባለፈው ሳምንት ካርዱን በወረቀት ጠቅልዬ ደብረ ብርሃን ወሰድኩና አክስቴ እጅ ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ ቅጂ የለኝም።