የድሮ ስጋጃ በቴሌግራም ስንሸጥ፦ ጀርባውን እናሳይ

ሰላም ለሁላችሁ። አሮጌ ስጋጃ በኦንላይን በመሸጥ እስካሁን የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የምሠራው እዚሁ አራዳ ነው። ሱቅ የለኝም፤ ስልኬና የቴሌግራም ቻናሌ ይበቁኛል።

ዕቃው ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ በ2016 ዶሮ ማነቂያና የፒያሳ ዙሪያ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ኮንዶሚኒየም ገባ። ሰፊ ሳሎን ላይ ተዘርግቶ የኖረ ስጋጃ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አልዘረጋ ይላል፤ ወይ ጫፉ ታጥፎ ሶፋ ሥር ይገባል፣ ወይ ተጠቅልሎ በረንዳ ላይ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ይከርማል። ከዚያ ቆራሌው ይወስደዋል፣ ወይም ምናለሽ ተራ ይወርዳል። እኔ ከዚያ በፊት ለመድረስ ነው የምሮጠው። እንዲህ ያለ ሥራ ዋጋውን የሚያውቅ ሳያገኝ ሲጠፋ ያንገበግበኛል።

አሁን በደንብ የገባኝ ነገር፣ አሮጌ ስጋጃን የሚሸጠው ጀርባው ነው። ፊቱ ላይክ ያመጣል። ብር የሚያወጣው ሰው ግን ኢንቦክስ ገብቶ «ገልብጠህ አንሳልኝ» ነው የሚለው። እውነቱን ነው። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ የፊቱ ንድፍ ጀርባው ላይም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቋጠሮዎቹ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ይላሉ፤ ረድፉም አልፎ አልፎ ትንሽ ያጋድላል። የማሽን ሥራ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ዘርፉንም እዩ። በእጅ ሥራ ላይ ዘርፉ የድሩ ጫፍ ራሱ ነው፣ ከውስጥ ይወጣል። በማሽን ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ለብቻው ተሰፍቶ የተቀጠለ ነው። እርግጥ የእጅ ሥራም አልቆ ዘርፉ ሊቀየርለት ይችላል፣ ስለዚህ በዘርፍ ብቻ አትፍረዱ።

በቅርቡ አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት እናት ቤት ሄጄ ነበር። ቀይ መደብ ያለው፣ ዳር ዳሩ ጥቁር ሰማያዊ የሆነ ስጋጃ። ገልብጬ ማስመሪያ አስቀመጥኩና 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለውን ቋጠሮ በመርፌ ጫፍ እየነካሁ መቁጠር ጀመርኩ። «ምን እያደረግህ ነው ልጄ?» አሉኝ። «ቋጠሮውን እየቆጠርኩ ነው እማማ፣ ዋጋው እዚህ ላይ ነው ያለው» አልኳቸው። በወርዱ 38፣ በቁመቱ 40 መጣ። 38 በ40 ሲባዛ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ 1,520፤ በመቶ ሲባዛ በካሬ ሜትር 152,000 ቋጠሮ ማለት ነው። እያንዳንዱ በሰው ጣት የታሰረ! እማማ ይህን ሲሰሙ ጎንበስ ብለው ራሳቸው ነካኩት። ማስመሪያው ያለበትን ፎቶ እንዳለ ለጠፍኩት፤ ከፊቱ ፎቶ ይልቅ ብዙ ጥያቄ ያመጣው እሱ ነው።

ባለቤታቸው ከአርመን ነጋዴ እንደገዙት ነገሩኝ። አርመኖች «አርባ ልጆች» የሚባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች ከመምጣታቸው በፊትም በኋላም አራዳ ውስጥ ነግደው የኖሩ ስለሆኑ ነገሩ ያስኬዳል። ግን ደረሰኝ የለም። ስለዚህ «ቤተሰቡ እንደሚለው» ብዬ ጻፍኩ እንጂ ከዚያ አላለፍኩም። ዕድሜም ላይ እንዲሁ ነው። በንግዱ ዓለም አንቲክ የሚባለው ብዙውን ጊዜ 100 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ነው። ሃምሳ ዓመት የቆየውን «አሮጌ» ካላችሁት ምንም አይጎድልበትም። የአገሩን ስም ለመጥራትም አትቸኩሉ። የፋርስ ቋጠሮና የቱርክ ቋጠሮ የሚባል አለ፤ የቱርኩ ሁለቱንም ድር ይጠመጥማል፣ የፋርሱ አንዱን ጠምጥሞ በሌላው ሥር ያልፋል። ይሁንና የታብሪዝ ከተማ ኢራን፣ ማለትም ፋርስ ውስጥ ሆና በቱርኩ ቋጠሮ ነው የምትሠራው። ቋጠሮውን ብቻ አይቶ «ይሄ የቱርክ ነው» ማለት አያዋጣም።

ሱፍ መሆኑን የምትጠራጠሩ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ከጀርባው አንዲት ክር ንቀሉና አቃጥሉ። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ይፈርሳል። ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል።

ፎቶ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስጋጃ ጸጉሩ ወደ አንድ ወገን ስለሚተኛ ከአንዱ ጫፍ ሲያዩት ፈዘዝ፣ ከሌላው ጫፍ ሲያዩት ደመቅ ይላል። ገዢው ይህን ካላወቀ ቤቱ ሲደርስ «ፎቶው ላይ ያየሁት አይደለም» ይላል። እኔ ከሁለቱም ጫፍ አነሳለሁ፣ ከዚያ ዙሪያውን እየዞርኩ አጭር ቪዲዮ እቀርጻለሁ። መብራት አጥፍታችሁ ጠዋት መስኮት አጠገብ አንሱ፤ የነጭ አምፖል ብርሃን ቀዩን ያበላሸዋል። ብል የበላውን፣ የሳሳውን፣ የተጠገነውን ቦታ ለየብቻ አስጠግታችሁ አሳዩ። ዋጋውንም እዚያው ጻፉ። «ዋጋ ኢንቦክስ» የሚባለው ነገር ሰው ያባርራል።

እባካችሁ፣ እባካችሁ ላቫጆ አትውሰዱት። የመኪና ማጠቢያ ውኃ ግፊቱ አሮጌ ሱፍ ይነቅላል፣ ከሥር ያለው የጥጥ ድር ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ቶሎ ካልደረቀ ይበሰብሳል። ክረምት ላይማ ጨርሶ አይታሰብም። ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አንድ ጥግ ላይ አሸት አድርጋችሁ እዩ። ስታስቀምጡ ጠቅልሉት እንጂ አትጠፉት፤ በላስቲክ ሳይሆን በአቡጀዲ ሸፍኑት።

ውጭ አገር ያለ ገዢ ከመጣ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የእናንተ ዕቃ ቅርስ ይባል አይባል በግምት አትወስኑ፤ ብር ከመቀበላችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። በተለይ የእኛው አገር አሮጌ ሥራ ከሆነ።

አሁን የቀረኝ የመንዝ ሱፍ ሥራ ነው። ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማው የበጉ የራሱ ቀለም የሆነ ስጋጃ፣ ባናና በርኖስ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። ፈላጊም አለው። የቸገረኝ ጠጋኝ ነው። አራዳ፣ ካዛንቺስ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ የሱፍ ስጋጃ ቋጠሮውን ጠብቆ የሚጠግን ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ የተቀደደ ጥግ ያለው አንድ ስጋጃ ቤቴ እየጠበቀ ነው።