የገና ዋዜማ፦ የአሥራ ሁለቱ እንቁላል ነገር

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ገናን ለማታከብሩ ወዳጆቼም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ይህን የምጽፈው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ነው። ሽንኩርቱ ገና ውኃውን አልጨረሰም። ጾሙ ስላልተፈታ ወጡን መቅመስ አልችልም፤ ጨው የምጨምረው በግምት ነው። እናቴም እንዲሁ ነበር የምትሠራው። የእሷ ግምት ግን ስቶ አያውቅም።

አሜሪካ የመጀመሪያውን ገና ያሳለፍኩት ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ዲሲ መሀል፣ ከምድር በታች፣ ለአንድ ሰው እንኳ በማትበቃ ቡዝ። አለቃዬን ለጃንዋሪ 7 እረፍት ስጠይቀው «ክሪስማስ ካለፈ እኮ 13 ቀኑ ነው» ብሎ ሳቀ። ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ላስረዳው ስጀምር መኪና መጣ። በምሳ ሰዓት ወደ መንገድ ወጥቼ እማዬ ጋ በካርድ ደወልኩ።

«ምን በላሽ?»
«ዶሮ ሠራን።»
«ስንት እንቁላል ከተትሽ?»
«አሥራ ሁለት።»

ትንሽ ዝም አለችና «እሰይ» አለች። የበላሁት ሳንድዊች ነበር። አውቃለች።

ነገ የምናከብረው ሕፃን ብዙም ሳይቆይ ስደተኛ ሆኗል። ሄሮድስ ሊገድለው ሲፈልግ እናቱና ዮሴፍ ይዘውት ወደ ግብፅ ሸሹ። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ስደት እንደ ዋዛ አታልፈውም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን የጽጌ ጾም አለ፤ ማኅሌቱ ሲቆም ያድራል፤ ኅዳር 6 ቁስቋም ይከበራል። አያቴ የጽጌን ጾም ስትጾም ታሪኩን ትተርክልን ነበር። እሷ ስትነግረን በየደጁ ውኃ ለምና የተከለከለችውን እናት ብቻ ሳይሆን የከለከሉትንም ሰዎች ፊት የምታይ ነበር የሚመስለው። ድምጿ ይቀየራል።

እኛ ስለ ስደት ስናወራ ራሳችንን የምናስቀምጠው ከተሰደዱት ጋር ነው። ወይም ደግሞ ከጥሩዎቹ አስተናጋጆች ጋር። የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በ615 ዓ.ም. አካባቢ (እ.ኤ.አ.) ከመካ ሸሽተው ሲመጡ ነጃሺ ተቀበላቸው፤ መካዎች ስጦታ ይዘው «መልስልን» ቢሉት አሳልፎ አልሰጣቸውም። እውነት ነው፣ ያኮራል። በ1924ም (እ.ኤ.አ.) ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ በኦቶማን ቱርክ በአርመኖች ላይ ከደረሰው ዕልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አገኙ። አርባዎቹን አዲስ አበባ አስመጥተው የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ባንድ አደረጓቸው። «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነሱን ነው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። አባቴ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ተሰልፎ ያን መዝሙር ሲዘምር ኖሯል። ዜማው የአርመን ሰው ድርሰት መሆኑን የሰማው ሸምግሎ ነው፤ «አትለኝም!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

ግን ይህን ሁሉ እያወራሁ የጎፋውን ነገር ብደብቅ ዋሾ ነኝ።

ከጥቂት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄጄ ጎፋ መብራት ኃይል አንዲት ዘመዴ ቤት ሰነበትኩ። ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ኤርትራውያን ይኖራሉ። ዘመዴ ጓሮ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች በአንዱ ሁለት ልጆች ያሏት ኤርትራዊት ተከራይታለች። ካናዳ ለመሄድ «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ትላለች፤ ፕሮሰሱን ከጀመረች ስንት ዓመቷ እንደሆነ ግን አትናገርም። ከጎኗ ያለውን፣ ልክ እሱን የሚያህለውን ክፍል የተከራየው የእኛው ልጅ የሚከፍለው ከእሷ በጣም ያነሰ ነው። ለምን ስል ዘመዴ ቡናውን እየቀዳች «እነሱ እኮ ከውጭ ይላክላቸዋል» አለችኝ።

ከውጭ የሚልክላት ማን ነው? ወንድሟ ነው። ፓርኪንግ ይሠራል።

እኔ ምን አልኩ? ቡናዬን ጠጣሁ። ሁለተኛውንም ጠጣሁ። ምንም አላልኩም። በማግስቱ የተከራይዋ ትንሿ ልጅ ሕምባሻ በሳህን ይዛ መጣች፤ «እናቴ ናት የላከችው፣ ለእንግዳዋ» አለችኝ። እንግዳዋ እኔ ነኝ!

ድሮ መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ይል ነበር፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። እግሩ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ያድራል። ያ ሰው አንድ ሌሊት ሲያድር እንግዳ ነው፤ ሦስት ዓመት ሲቆይ ስሙ ስደተኛ ይሆናል፤ ኪራዩም ይጨምራል። ዘመዴ ክፉ ሰው አይደለችም። የሚከብደኝም እሱ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ገና ላይ ፓርኪንግ የተካኝ የኤል ሳልቫዶር ሰው ነበር። የሁለት ሰው ፈረቃ አንድ ላይ ሠራልኝ። «ሂጂ፣ እናትሽ ጋ ደውዪ» አለኝ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛችን። የእሱ ወረቀት ጊዜያዊ ነው፤ ታደሰ አልታደሰ እያለ ዜና ሲያዳምጥ ዓመታት አለፉ። ዛሬም አንዳንዴ እንደዋወላለን። ነገ ከሚስቱ ጋር ምሳ ይመጣል። በርበሬውን አይችለውም፤ እያለቀሰ ይበላል፤ ሚስቱ አይብ ታቀብለዋለች።

የዶሮው 12 ብልት ወጥቷል፤ እንቁላሉም ተቀቅሏል። ቆጠርኩት። አሥራ ሁለት ነው፣ እማዬ። በዚህኛው አልዋሸሁም።

ሽንኩርቱ ሊያርርብኝ ነው፤ ልሂድ። መልካም ገና!