ላይክ ያላገኘው ፎቶ

ዛሬ የጉዞ ፎቶዎቼን ስለጥፍ ዋልኩ። ላይኩን ጠራርጎ የወሰደው ፀሐይ ስትጠልቅ ያነሳኋት ናት፤ ሰው ደጋግሞ የጠየቀኝ ግን ጎርፍ ስለቆረጠው መንገድ ነው። "መቼ ያነሳሽው ነው? አሁን ያሳልፋል?" ኧረ እኔ መንገደኛ እንጂ ጋዜጠኛ አይደለሁም!

ግን እኮ ጃንዋሪ 2009 አውሮፕላን ኒውዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ ሲያርፍ፣ ዓለምን ያዳረሰውን ፎቶ በስልኩ አንስቶ ትዊተር ላይ የለጠፈው ለነፍስ አድን በደረሰች ጀልባ የተሳፈረ ሰው ነበር። የፎቶው ጉልበት ቦታውና ሰዓቱ ነው፤ ውበቱማ እንደነገሩ ነው።

ስለዚህ ቀኑንና ቦታውን ከሥሩ ጻፍኩ። ፌስቡክ ፎቶው ውስጥ ያለውን የቦታ መረጃ ስለሚያጠፋው (ለደህንነት ጥሩ ነው) በእጅ መጻፍ ግድ ነው። የሰዎቹን ፊት ሸፈንኩ።

"ፊልተር ብትጨምሪበት" ያልከኝ ወንድሜ፣ ለጎርፍ የቱ ፊልተር ነው የሚሆነው?