ስልኩ ሲነሳ

ትናንት ማታ ከእህቴ ጋር «ሎስት» የሚባለውን የቴሌቪዥን ድራማ እንደገና ከፈትነው። ሙሉውን አይደለም። አንድ ክፍል ብቻ፤ አራተኛው ሲዝን ላይ ዴዝመንድ ለሚወዳት ለፔኒ የሚደውልበትን። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ዛሬም እንባዬ መጣ።

ያኔ ስንከታተለው ያልገመትነው ነገር አልነበረም። ያ ጥቁር ጭስ ምንድን ነው? ቁጥሮቹስ? እስክንኮራረፍ ድረስ እንከራከር ነበር። አሁን የብዙዎቹ መልስ ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ስልኩ ግን አልጠፋም።

የዴዝመንድ አእምሮ በ1996 እና በ2004 መካከል ይመላለሳል። ካልቆመ ይሞታል። እንዲድን በሁለቱም ዘመን ያለ፣ ከልቡ የሚወደው አንድ ነገር ማግኘት አለበት። ያለችው ፔኒ ብቻ ናት። በ1996 ደግሞ ተለያይተዋል። ጥሏት የሄደው እሱ ነው፤ ዓይኑን ማየት አትፈልግም። ቤቷ ድረስ ሄዶ ስልክ ቁጥሯን ይለምናታል። ለ8 ዓመት አልደውልም ይላታል። ብቻ ይሂድልኝ ብላ ትሰጠዋለች። ከዚያ 2004፣ የገና ዋዜማ። ስልኩ ይጠራል። ታነሳዋለች።

ይህን ክፍል ለምን እንደምወደው የገባኝ ትናንት ነው። እንቆቅልሹና ፍቅሩ አንድ ላይ ተገምደዋል። አንዱን ብትመዙት ሌላው ይፈታል። የጊዜው ምስቅልቅል ማብራሪያ ግማሹ አልፎኛል። «ታነሳው ይሆን?» የሚለው ግን ቁጭ ብድግ አስብሎኛል።

«ትዊን ፒክስ» የሚባለው ድራማ ትዝ አለኝ፤ ሎራ ፓልመር የምትባል ልጅ ተገድላ ማን ገደላት የሚባልበት። ገዳይዋ እ.ኤ.አ. በ1990፣ ሁለተኛው ሲዝን ሳያልቅ ታወቀ። በ1991 ድራማው ቆመ። ብዙ ሰው መልሱ ቶሎ ስለተነገረ ነው ይላል። እኔ በዚህ ብቻ አይመስለኝም። የድራማውን ሰዎች ሁሉ አስሮ የያዘው ለሎራ ያላቸው ሐዘን ነበር። እሱ ሲላላ ሁሉም በየፊናው ሄደ።

«ብሮድቸርች» የሚባለውን የወንጀል ድራማ ያላየ ሰው የሚቀጥለውን አንቀጽ ይዝለለው፤ መጨረሻውን መናገሬ ነው።

መርማሪ ፖሊሷ ኤሊ ሚለር የምትጠብቀውን ሹመት ሃርዲ የሚባል መርማሪ መጥቶ ይወስድባታል። ከዚያ የአንድ ልጅ ግድያ አብረው መመርመር ግድ ይሆንባቸዋል። እሷ ሁሉንም የከተማውን ሰው ታምናለች። እሱ ማንንም አትመኚ ይላታል። በምርመራው መሃል ባሏ ወንጀለኛ የነበረ አንዲት ሴት ታገኛለች። ኤሊ ትቆጣታለች፤ አንድ ቤት እየኖርሽ እንዴት አታውቂም ትላታለች። መጨረሻ ላይ ገዳዩ የኤሊ የራሷ ባል ሆኖ ይገኛል። የሚነግራት ደግሞ ሃርዲ ነው። የገዳዩን ስም ለማወቅ ስንት ክፍል ጠብቄ፣ ሲነገር ስለ ስሙ ግድም አልሰጠኝ። የማየው የእሷን ፊት ነበር። ሃርዲንም አየሁት፤ ልክ በመሆኑ ምንም ደስ አላለውም። ያ ሁሉ ጭቅጭቃቸው ለዚያች ደቂቃ ሲያዘጋጀን ኖሯል።

ከስልኩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ስላለን አዲስ ድራማ ጀመርን። የተቆለፈ ክፍል አለ፤ የጠፋ ሰው አለ፤ ግድግዳ ላይ የማይነበብ ጽሑፍ አለ። ያምራል። ሲያልቅ እህቴ፣ «ከነዚህ ውስጥ ማን ቢሞት ታለቅሻለሽ?» አለችኝ። ትንሽ አሰብኩ። አንድም ሰው አልመጣልኝም። ሁለት ክፍል እንጨምርለት ተባብለን ተኛን።