ሱፍ የለበሰው ሲናገር

ዛሬ የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያየሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። አጀንዳው ውሃ ነበር። አባባ የምንላቸው የግቢያችን ጥበቃ እጃቸውን አወጡ። "ፓምፑ ደህና ነው። ሌሊት ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ እሰማዋለሁ" አሉ። ካፖርታቸው ክርኑ ላይ ተተርትሯል፤ ድምፃቸውም ዝቅ ያለ ነው። ገና ሳይጨርሱ ሰብሳቢው "እሺ አባባ፣ ይቀመጡ" አላቸው።

ቀጥሎ ሱፍ ለብሶ ክራቫት ያሰረ ጎረቤታችን ተነሳ። "ከሲስተም አንፃር" እያለ አዲስ ፓምፕ ይገዛ አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ፓምፑን ከፍቶ ያየው ሰው ግን የለም። ሌሊቱን ሙሉ እዚያ የሚያድሩት እኮ እሳቸው ናቸው! ገንዘብ ከመዋጣቱ በፊት ሮቶው ይታይልን ብዬ ለኮሚቴው ጽፌያለሁ።

ይሄ የኛ ሰፈር ችግር ብቻ አይደለም። በ1970 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ ተዋናይን "ዶክተር ፎክስ" ብለው በባለሙያዎች ፊት አቀረቡት። ከአድማጮቹ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ነበሩ። ሰውየው ስለ ርዕሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ንግግሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ ባዶ ወሬ ነው። ግርማ ሞገሱና ቀልዱ ግን ልብ ይሰርቃል። አብዛኞቹ ወደዱት። አንዱማ ጽሑፎቹን አንብቤያለሁ ብሎ መለሰ።

ንጹሕ መልበስን አልቃወምም። እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው። ጤና ጣቢያ ያረጀ ነጠላ ለብሳ የመጣች እናት "ልጄ እንዲህ አልነበረም" ስትል ቶሎ የሚያምናት የለም። ያን ልጅ ደግሞ ከሷ በላይ የሚያውቀው የለም።