ሳያማ ኩሬ፦ የ1,400 ዓመቱ የአፈር ግድብ

ሳያማ ኩሬ ከጃፓኗ ኦሳካ ከተማ፣ ከናምባ ጣቢያ በናንካይ ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ኦሳካ ሳያማ ሺ የሚባለው ጣቢያ ወርጄ ትንሽ በእግር ሄድኩ።

ቦታው ሲታይ ግድብ አይመስልም። ዙሪያውን የቼሪ ዛፍ የተተከለበት ሰፊ ኩሬ ነው። ሰዉ ይሮጥበታል፣ ውሻውን ያንሸራሽርበታል። የሚሮጡበት ጉብታ ግን በሰው እጅ የተቆለለ አፈር ነው። ጃፓን ውስጥ ካሉት የግድብ ኩሬዎች የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ዛሬም የሩዝ ማሳ ያጠጣል።

ለተመራማሪዎች ዕድሜውን የነገራቸው እንጨት ነው። ግድቡ ሲቆፈር ከሥሩ ውሃ የሚያወጣ አሸንዳ ተገኘ፤ ኮያማኪ ከሚባል ዛፍ ግንድ ተቦርቡሮ የተሠራ። የግንዱ የዕድሜ ቀለበቶች ሲመረመሩ ዛፉ የተቆረጠው በ616 ሆነ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ግድቡ ትንሽ ነበር፤ ከፍታው 5 ሜትር ቢሆን ነው።

አጠገቡ በ2001 የተከፈተ ሙዚየም አለ። ንድፉ የጃፓናዊው አርክቴክት የታዳኦ አንዶ ነው። ብዙ ሰው መግቢያው ላይ የሚወርደውን ውሃ ፎቶ ያነሳል። እኔን ያስቆመኝ ውስጥ ያለው ነው። ግድቡ ሲታደስ ከላይ እስከ ታች ቆርጠው፣ ንብርብሩ የሚታይበትን ገጽ እንዳይፈርስ አጠንክረው፣ እንዳለ አዳራሽ ውስጥ አቁመውታል። ቁመቱ 15 ሜትር፣ ስፋቱ 62 ሜትር። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም! ከታች ያለው አፈር በየመሃሉ ቅጠልና ጭራሮ ተነጥፎበታል። ቅጠሉ ንብርብሩን ያያይዛል፣ በአፈሩ ውስጥ የታመቀውን ውሃም ያስወጣል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ጥገና ነው። እያንዳንዱ ዘመን የራሱን አፈር ጨምሮበታል።

በ731 መነኩሴው ግዮኪ አደሰው። በ1202 ደግሞ ቾገን የሚባል ሌላ መነኩሴ መጣ። ለውሃ መውጫ ቱቦ የሚሆን ድንጋይ ሲፈልግ የጥንት የድንጋይ ሬሳ ሣጥኖችን ሰብስቦ፣ ጫፋቸውን ቆርጦ ገጣጠማቸው። ሣጥኖቹ እዚያው አሉ። ጎናቸው ያለውን የድንጋይ ጽሑፍ ሳታዩ እንዳትወጡ። ቾገን ስሙን ብቻ አላስቀረጸም። ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን፣ ለማኝ ሳይቀር በገዛ እጁ ድንጋይ እየጎተተ ግድቡን እንደሠራ ተጽፎበታል። በዚያ ዘመን ለማኝን በድንጋይ ላይ ማስፈር ትልቅ ነገር ነው። ቆሜ ደጋግሜ አየሁት።

የ1608ቱ ጥገናም ብልሃት አለው። ከእንጨት የተሠራው መውጫ በተለያየ ከፍታ ላይ ቀዳዳዎች አሉት። ውሃው ዝቅ ባለ ቁጥር ቀጣዩን ይከፍታሉ። በዚህ መንገድ ሁልጊዜ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ ውሃ ወደ ማሳው ይሄዳል። ሩዝ ቀዝቃዛ ውሃ አይወድም።

ከሙዚየሙ ወጥቼ ኩሬውን ዞርኩት። በመጨረሻው ትልቅ እድሳት ኩሬው ጠልቋል፣ ግድቡም ከፍ ብሏል፤ አሁን ጎርፍም ይይዛል። መንገዱ 3 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሙዚየሙ በነፃ ነው፣ ሰኞ ዝግ ነው። ጊዜ ካጠራችሁ ዙሩን ትታችሁ ቀጥታ ወደ ተቆረጠው ገጽ ሂዱ፤ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ እዩት።