ለባለ220 ምጣድ ሶኬት ማስገባት፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ፐርሚት የሚጠየቀው የቱ ላይ ነው?

ኖርዘርን ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት የገዛ ሐበሻ ቁልፍ ተረክቦ ብዙም ሳይቆይ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፤ ምጣዱን የት እንሰካው? ለሶኬቱ ፐርሚት ያስፈልግ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መልሱ ያለው ምጣዱ ላይ ነው።

እዚሁ አሜሪካ የሚሸጠው 120 ቮልት፣ 1,500 ዋት ምጣድ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። የሚስበው 12.5 አምፔር ነው፤ ኪችን ውስጥ ባለ20 አምፔር መስመር ላይ ሰክቶ መጋገር ነው። በዚያው መስመር ማይክሮዌቭ አብራችሁ ካስነሳችሁ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሌላ ችግር የለውም። ጣጣው የሚጀምረው ከአገር ቤት የመጣውን ባለ220 የሸክላ ምጣድ ጋራዥ ወይም ቤዝመንት ውስጥ ለማስቀመጥ ስታስቡ ነው። ያ አዲስ መስመር ይፈልጋል፤ አዲስ መስመር ደግሞ ፐርሚት ይፈልጋል።

የቨርጂኒያ የግንባታ ኮድ ለመላው ስቴት አንድ ነው፤ ካውንቲዎች የሚለያዩት በክፍያና በአሠራር ነው። የኮዱ አንቀጽ 108.2 ፐርሚት የማይጠየቅባቸውን ሥራዎች ይዘረዝራል። በመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ በኩል የሚጠቅሳቸው እነዚህን ነው፦ ማብሪያ ማጥፊያና ዲመር መቀየር፣ 125 ቮልት ሆኖ 15 ወይም 20 አምፔር የሆነ ሶኬት መቀየር፣ መብራትና የጣሪያ ፋን መቀየር። ከ50 ቮልት በታች የሆነ ሥራም፣ ለምሳሌ የበር ደወል ሽቦ፣ በአብዛኛው ነፃ ነው፤ የእሳት አላርም አካል ከሆነ ግን አይደለም።

ቃሉን ልብ በሉት፤ «መቀየር» ነው የሚለው። የነበረውን አውጥቶ በቦታው ሌላ መተካት ማለት ነው። ሶኬት ያልነበረበት ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ አዲስ ማስገባት፣ ሽቦ ማስረዘም፣ መብራት ያልነበረው ጣሪያ ላይ ሳጥን መትከል መቀየር አይደለም። ቮልቱንም ልብ በሉ። የተቃጠለ የድራየር ሶኬት መተካት ተራ ጥገና ይመስላል፤ ነገር ግን ሶኬቱ ባለ240 ስለሆነ ከዝርዝሩ ውስጥ አልተጠቀሰም። ከመንካታችሁ በፊት ካውንቲውን መጠየቅ ነው።

ፐርሚት አይጠየቅም ማለት ደግሞ ኮዱ አይሠራበትም ማለት አይደለም። ባለሁለት ቀዳዳ አሮጌ ሶኬት አውጥታችሁ ባለሦስት ቀዳዳ ስትተኩ፣ ሳጥኑ ውስጥ የመሬት ሽቦ ከሌለ ተራ ሶኬት ማስገባት ክልክል ነው። ጂኤፍሲአይ (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጥ) ሶኬት አስገብታችሁ፣ የመሬት ሽቦ እንደሌለው የሚገልጸውን አብሮት የሚመጣ ስቲከር ትለጥፋላችሁ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ቤቶች የአሉሚኒየም ሽቦ ሊያጋጥም ይችላል፤ ለእሱ የተለየ ምልክት ያለው ሶኬት አለ። ተራውን ከገጠማችሁበት ብሎኑ ከጊዜ ብዛት ይላላና ይግላል።

ወደ ምጣዱ እንመለስ። መጀመሪያ ማመልከቻው የት እንደሚገባ አጣሩ። የፖስታ አድራሻችሁ አሌክሳንድሪያ ስላለ ብቻ ቤቱ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ነው ማለት አይደለም፤ አሌክሳንድሪያ የሚል አድራሻ ያለው ብዙ ሰፈር ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። በአንጻሩ ፌርፋክስ ሲቲና ፎልስ ቸርች ሲቲ ከካውንቲው ውጭ ናቸው፣ የራሳቸው የፐርሚት ቢሮ አላቸው። የንብረት ግብር የምትከፍሉት ለማን እንደሆነ ብታዩ መልሱን ታገኛላችሁ። የፌርፋክስ ካውንቲ ማመልከቻ ፕላስ በሚባለው የኢንተርኔት ፖርታሉ በኩል ይገባል።

ቤቱ የራሳችሁ ሆኖ የምትኖሩበት ከሆነ ሥራውን ራሳችሁ ልትሠሩና ፐርሚቱን በስማችሁ ልታወጡ ትችላላችሁ፤ የኮንትራክተር ላይሰንስ የማይጠየቅባችሁ መሆኑን ገልጻችሁ ትፈርማላችሁ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ። ኤሌክትሪሺያኑ «ፐርሚቱን አንተ አውጣው፣ እኔ እሠራዋለሁ» ካለ፣ ወይ ላይሰንስ የለውም ወይ ስሙ እንዲጻፍ አይፈልግም። በስማችሁ ከወጣ ኢንስፔክተሩ ጉድለት ሲያገኝ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። የስቴቱ የሙያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት፣ ዲፖር የሚባለው፣ ላይሰንስ በስም የሚፈለግበት ገጽ አለው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ማመልከቻው ላይ የምትጽፉት አጭር ነው። «ጋራዥ ውስጥ አንድ ባለ240 ቮልት፣ ባለ30 አምፔር ሶኬት፣ ለብቻው መስመር» ማለት ይበቃል። ቤዝመንት ውስጥ ሲንክና ካቢኔት ጨምራችሁ ሙሉ ኪችን ልታደርጉት ካሰባችሁ ግን ነገሩ ወደ ዞኒንግ (የቦታ አጠቃቀም ደንብ) ይሄዳል፤ ያ ሌላ ፈቃድ ነው።

30 አምፔር ከየት መጣ? ምጣዱ ላይ 220 ቮልት፣ 3,500 ዋት ተብሎ ተጽፎ እንደሆነ እንውሰድ። ሙቀት ሰጪው ጥቅል ሽቦ ቋሚ ተቃውሞ አለው፤ 220 ሲባዛ በ220፣ ለ3,500 ሲካፈል 13.8 ኦም ገደማ ይመጣል። እዚህ ያለው ቮልት 240 ነው፤ 240 ለ13.8 ሲካፈል 17.4 አምፔር። ማለትም ምጣዱ እዚህ የሚስበው ወደ 4,170 ዋት ነው፣ ከተጻፈበት አንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። እንጀራው ቶሎ የሚያርበት ምክንያት ይኸው ነው። ጽሑፉ ከተፋቀ ምጣዱን ከሶኬት ነቅላችሁ በመልቲሜትር ኦሙን ለኩና 240ን አካፍሉለት።

ኮዱ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራን ጭነት በ125 በመቶ አስቡ ይላል። ለበዓል ሲጋገር ሦስት ሰዓት ምንም አይደለም። 17.4 በ1.25 ሲባዛ 21.75 ይሆናል፤ ባለ20 ብሬከር አይበቃም። ስለዚህ ባለሁለት ፖል (ሁለቱንም የእሳት ሽቦ የሚቆርጥ) 30 አምፔር ብሬከር፣ ቁጥር 10 የመዳብ ሽቦ፣ ኔማ 6-30 የሚባለው የሶኬት ዓይነት። ኬብሉ 10/2፣ ማለትም ሁለት ቁጥር 10 ሽቦ ከነመሬት ሽቦው ነው፤ ሽፋኑ ብርቱካናማ ነው። ቢጫው ቁጥር 12 ነው፣ ከ10 ይቀጥናል፤ ቤት ውስጥ የተረፈ ስላለ ብቻ እሱን አትጠቀሙ። ነጩ ሽቦ እዚህ ላይ ኑል (የመመለሻ ሽቦ) አይደለም፣ እሳት (ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ) ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ጥቁር ወይም ቀይ ቴፕ ጠቅልሉበት። ይህን መርሳት ኢንስፔክሽን ላይ ከሚጥሉት ተራ ስህተቶች አንዱ ነው።

ሌሎቹ የሚጥሉ ነገሮች ያሉት አዘረጋጉ ላይ ነው። ያልተጨረሰ ቤዝመንት ውስጥ 10/2 ኬብል ጣሪያውን የያዙትን እንጨቶች አቋርጦ ሲሄድ ከሥራቸው በስቴፕል መምታት አይፈቀድም፤ ወይ እንጨቶቹን በስቶ ማሳለፍ ወይ ጣውላ መትቶ በጣውላው ላይ ማስኬድ ነው። የግድግዳው ስተድ (ቋሚ እንጨት) ላይ ቀዳዳው ከጠርዙ ቢያንስ 1¼ ኢንች መራቅ አለበት፤ ካልራቀ የብረት ሳህን ይመታበታል፣ አለበለዚያ ነገ ሥዕል ለመስቀል የሚመታ ሚስማር ኬብሉን ያገኘዋል። ኬብሉ ከሳጥኑ በ12 ኢንች ውስጥ፣ ከዚያ በየ4½ ጫማው ይያዛል። ሳጥን ውስጥ ቢያንስ 6 ኢንች ሽቦ ተርፎ ይቆይ። ባለ30 ሶኬት ወፍራም ነው፤ 4 ኢንች ካሬ ሆኖ 2⅛ ኢንች ጥልቀት ያለው ሳጥን ግዙ። ትንሽ ሳጥን ውስጥ ቁጥር 10 ሽቦ አጥፎ ማስገባት ጣት ይልጣል፣ ኮዱም አይፈቅድም።

ፓኔሉ (የብሬከሮቹ ሳጥን) ዘንድ ስትደርሱ ዋናውን ብሬከር ብታጠፉም፣ በአብዛኛው ቤት ከቆጣሪው የሚመጡት ሁለት ወፍራም ሽቦዎችና የታሰሩባቸው ብሎኖች እሳት እንዳለባቸው ናቸው። ይህ ካላስደሰታችሁ ኬብሉን እናንተ ዘርጉና የፓኔሉን ሥራ ላይሰንስ ላለው ስጡ፤ ፐርሚቱን ግን አስቀድማችሁ በዚያው መልክ አውጡ። ብሬከሩ ፓኔሉ ላይ በተጻፈው ዓይነት ይሁን። ስለገባ ብቻ ልክ ነው አይባልም። ብሎኑም ብሬከሩ ላይ በታተመው ልክ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳይ መፍቻ) ይጠበቃል። ባለ100 አምፔር አሮጌ ፓኔል ላይ ምድጃው፣ ድራየሩና ኤሲው ሁሉ በኤሌክትሪክ ከሆኑ፣ ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት የጭነት ስሌት አሠሩ።

ኢንስፔክሽኑ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ድራይዎል ከመዘጋቱ በፊት፣ ሁለተኛው ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ። ግድግዳውን ቀድሞ የዘጋ ሰው እንዲከፍት ሊታዘዝ ይችላል። ፐርሚቱ ከወጣ በኋላ ስድስት ወር ሥራ ካልተጀመረ ወይም ጅምሩ ስድስት ወር ከቆመ ሊሰረዝ ይችላል።

ኢንስፔክተሩ የሚያየው እስከ ሶኬቱ ድረስ ያለውን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ማለትም ምጣዱ ራሱ፣ የእናንተ ነው። አገር ቤት 220 ማለት አንድ እሳትና አንድ ኑል ነው። እዚህ 240 ማለት ሁለት እሳት ነው፤ እያንዳንዱ ከመሬት ጋር 120 ቮልት አለው። ምጣዱ ላይ ያለው ማብሪያ አንዱን ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ፣ «ጠፍቷል» ስትሉት ጥቅል ሽቦው ላይ አሁንም 120 ቮልት አለ። እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ከማጽዳታችሁ በፊት ንቀሉት፣ ወይም ማብሪያውን ሁለቱንም በሚቆርጥ ባለሁለት ፖል ቀይሩት። ገመዱም ብዙ ጊዜ ባለሁለት ሽቦና ቀጭን ነው። ቁጥር 10 ባለሦስት ሽቦ ገመድ አድርጉለት፤ አረንጓዴው የምጣዱን የብረት አካል በብሎን ይያዝ፣ ጥቅሉ ዘንድ ያለው መገናኛ የሴራሚክ ይሁን። ፕላስቲክ ይቀልጣል።

ናሽናል ኤሌክትሪካል ኮድ (አገር አቀፉ የኤሌክትሪክ ሥራ ኮድ) ከ2020 እትሙ ጀምሮ ጋራዥና ቤዝመንት ያሉ ሶኬቶች እስከ 250 ቮልት ድረስ የጂኤፍሲአይ ጥበቃ እንዲኖራቸው ይጠይቃል፤ ለዚህ መስመር የሚገባው በብሬከር መልክ ነው፣ ዋጋውም ከተራው ብዙ ይበልጣል። እሱ ደግሞ 5 ሚሊ አምፔር ገደማ ወደ መሬት ሲያፈስ ይወርዳል። ሸክላ እርጥበት ይይዛል። ጋራዥ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ የቆየ ምጣድ በተሰካ ቁጥር ብሬከሩን የሚያወርደው በዚህ ነው። ምጣዱን ነቅላችሁ አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ ጥቅል ሽቦው ላይ፣ ሌላውን የብረት አካሉ ላይ አድርጉ፤ ከ24,000 ኦም በታች ካሳየ ብሬከሩ ልክ ነው። ምጣዱን ሞቃት ክፍል ውስጥ ጥቂት ቀን አድርቃችሁ እንደገና ለኩ። ከደረቀም በኋላ ቁጥሩ ካልጨመረ ጥቅሉ ከብረቱ ጋር ተነካክቷል፤ ብሬከሩን ወደ ተራ መቀየር አይታሰብ።